የጥር 13ንም ፎቶ አውጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በየዓመቱ የጥር 11ን የጃንሜዳ ፎቶ ታወጣላችሁ። ያምራል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ በዓል ነውና ይገባዋል። እኔ የምለምናችሁ ስለ ሌሎቹ ቀናት ነው። በከተራ እናት የልጇን የሀበሻ ቀሚስ ስትተኩስ፣ ልጅቷ በር ላይ ቆማ «ታቦቱ ወጣ?» እያለች ስትጨቀጭቃት። ጥር 12 ሚካኤል ሲገባ ድምፁ የተዘጋ ጎረምሳ አሁንም ሲጨፍር።

ጥር 13 ደግሞ ሰፈሩ ጭር ይላል። የጽዳት ሠራተኞች የጠወለገውን ቄጤማ ይጠርጋሉ። ያ ቀሚስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የታክሲው ሰልፍ ተመልሷል። ይህን ብዙ ሰው ፎቶ አያነሳውም። ልጆቻችን ሲያድጉ የሚናፍቃቸው ግን ይሄ ይመስለኛል፤ እናታቸው ያን ጠዋት ምን ትመስል እንደነበር። እባካችሁ አንድ ገጽ ስጡት። አንባቢን ብትጠይቁ ፎቶውን ይልካል፤ እኔም እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ