ለሼዱም በር ይከፈት፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኢኖቬሽንና ሥራ ፈጠራ ጉባኤዎች ላይ ጽሑፍ ስለሚቀርብበት መንገድ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከከተማው ዳር፣ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ነው። የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሼዶቹ ጋ ጎራ እላለሁ። እዚያ የሚበይዱት፣ የሚቆርጡት፣ ቶርኖ ላይ የቆሙት ልጆች ብዙዎቹ እኛ ዘንድ የሰለጠኑ ናቸው። ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ የራሳቸውን ማሽን ይሠራሉ።

ከእነሱ መካከል የጤፍ ሊጥ ማቡኪያ የሠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። ገበያ ላይ የሚገኘው ማቡኪያ በአብዛኛው ለስንዴ ሊጥ የታሰበ ነው። ጤፍ ግን ግሉተን የለውም፤ ሊጡ እንደ ስንዴ አይሳብም። ውሃው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ዱቄቱ ከሥር ተጓጉሎ ይቀራል። ልጆቹ መቅዘፊያውን ደጋግመው ቀየሩት። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነበር። ኋላ ጫፉን አጠፍ አደረጉትና ከታች እየዛቀ ወደ ላይ የሚያወጣ ሆነ። እያንዳንዱን ሙከራ ዘይት በነካው ደብተር ላይ መዝግበዋል። ስንት ዱቄት፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ደቂቃ፣ ሞተሩ ሞቀ ወይስ አልሞቀም። የመጨረሻው ዓምድ «ዓይን» ይላል። እሱን የምታስሞላቸው እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። በእያንዳንዱ ሊጥ ትጋግርና እንጀራው ዓይን ማውጣት አለማውጣቱን ትነግራቸዋለች።

ይህ ምርምር ነው። ጥያቄ አለው፣ ሙከራ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ሥራውን የሚመዝን ባለሙያ አለው።

ስለ ኢኖቬሽንና ሥራ ፈጠራ የሚመክር አንድ ጉባኤ የጽሑፍ ጥሪ ሲያወጣ አቅርቡት አልኳቸው። አብረን ቁጭ ብለን የሥራውን አጭር ማጠቃለያ ጻፍን። ወደ ቅጹ ስንሄድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲያችሁን ከዝርዝሩ ምረጡ ይላል። ኮሌጅ የለም፣ ኢንተርፕራይዝ የለም፣ «ሌላ» የሚል እንኳ የለም። ቀጥሎ የትምህርት ማዕረግ። ቀጥሎ ከትምህርት ክፍል የድጋፍ ደብዳቤ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በሁለት ዓምድ። አዘጋጆቹን በኢሜይል ጠየቅን። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የሚመጣ ሥራ አንቀበልም የሚል አንድ መስመር መልስ መጣ። ደብተሩን ያየው የለም።

ጥራቱ ዝቅ ይበል እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ልጆቹ የሚፈልጉት በደንብ የሚፈትናቸው ሰው ነው። የሞተሩን ጉልበት በትክክል አሰላችሁ ወይ፣ ሊጡ የሚቦካበት በርሜል የተሠራበት ብረት ለምግብ ይሆናል ወይ ብሎ የሚያፋጥጣቸው። ይህን ከሼድ ውስጥ ማን ይጠይቃቸዋል? ደግሞስ በብዙ ጉባኤዎች ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም ሳያይ ነው የሚያነበው። ሥራው በራሱ ይመዘን ተብሎ። ታዲያ በሩ ላይ ማዕረግ መጠየቁ ምን ይሠራል?

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2011 ዓ.ም. ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ በተካሄደ ትልቅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ያን ጊዜ ብዙ ተባለ። አይሲኤልአር የተባለው ሌላው የዚሁ ዘርፍ ጉባኤ ደግሞ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ኮሮና መጣና በኦንላይን ሆነ እንጂ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ዓለም በር ሲዘጋብን የተሰማንን እናውቃለን። ቱሉ ዲምቱ ላለ ልጅ የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ያው ቪዛ ነው። አይሲኤልአር ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ለማንም ክፍት ነው፤ ያልተቀበሉት ሥራ እንኳ ለምን እንዳልተቀበሉት ይታያል። እኛም አገር የሚወድቅ ሥራ ቢያንስ ምክንያቱ ይጻፍለት።

ሚኒስቴሩ በሚያዘጋጃቸውና በሚደግፋቸው ጉባኤዎች ላይ የማዘዝ፣ ቢያንስ የመምከር አቅም አለው። ስለዚህ የተሠራ ነገር ይዘው ለሚመጡ ሰዎች አንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይከፈት። ሁለት ሦስት ገጽ ጽሑፍ፣ የሙከራው መዝገብ፣ ማሽኑ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ይበቃል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይቅረብ፤ ከእኛ ሼድ ትንሽ አለፍ ብሎ ሸገር ከተማ ነው፣ እዚያም የሚሠሩ እጆች ሞልተዋል። ሥራው ካለፈ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስና የስሌቱን ክፍል የሚያግዝ አንድ መምህር ከአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ ይመደብላቸው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚሁ ቂሊንጦ ነው፤ ከሼዱ ቅርብ ነው። የመመዝገቢያ ክፍያውም ይታሰብበት። ለልጆቹ ያ ገንዘብ የላሜራ መግዣ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ሳልጽፍ አልለፍ። ጉባኤ ላይ መቅረብ ማለት ሥራን በአደባባይ መግለጥ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፈጠራም ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥራው አዲስ መሆን አለበት። አስቀድሞ በአደባባይ የወጣ ሥራ አዲስነቱ ሊያከራክር ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ሰው ይህን የሚነግረው ቢሮ አለው። የሼዱ ልጅ የለውም። የመቅዘፊያውን እጥፋት በፎቶ አሳይቶ ከአዳራሹ ሲወጣ ሌላው ማግስቱን ይሠራዋል። ስለዚህ በጥሪው ላይ፣ ከማስገቢያው ቀን አጠገብ፣ «መጀመሪያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ማመልከቻ አስገቡ» የሚል ማሳሰቢያ በጉልህ ይጻፍ። ከባለሥልጣኑ ጋር ተነጋግራችሁ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት ባለሙያ ወደ ሼዶቹ ብትልኩማ ትልቅ ነገር ነው።

የሚቀጥለው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ቅጹን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ቢመጡ፣ ደብተሩን አብረን ገልጠን ምን መጠየቅ እንዳለበት እንነጋገራለን። መምጣት ካልተመቻችሁ ልጆቹ ማሽኑን በፒክአፕ ጭነው ቢሯችሁ ድረስ ያመጡታል። ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ብቻ ይዘጋጅላቸው።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ፣ አቃቂ ቃሊቲ