«ይሄኛው አያዋጣም» ላላችሁኝ የሕግ ተማሪዎች

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ፈተና ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አሁኑኑ አንብቡልኝ አልልም። ከአሠሪዬ ጋር የነበረኝ ጉዳይ ተቋጭቷል። መዝገቡ ተዘግቷል፣ የቀረው ክፍያም ገብቷል። ምስጋናዬን በስልክ ነግሬያችሁ ነበር፣ ግን አልበቃኝም። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጽፈው ፈለግሁ፣ ምክንያቱም እኔ የነበርኩበት ጭንቀት ውስጥ ዛሬም ብዙ ሰው አለ፣ የእናንተን በር ግን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

ለማያውቁኝ ባጭሩ ልናገር። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሰው ከቢሮ ሲወጣ ነው እኔ የምገባው። ለዓመታት የሠራሁበት ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ሳምንት ስሜን ከፈረቃ ዝርዝሩ ላይ አወጣው። ስጠይቅ «ይደወልልሻል» አሉኝ። የደወለ የለም። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ «ሥራሽን በገዛ ፈቃድሽ ጥለሽ ስለሄድሽ» ይላል። የመጨረሻ ደመወዜ፣ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓቱ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ።

ጠበቃ አማከርኩ። ጨዋ ሴት ናት፣ አልዋሸችኝም። የእሷ ክፍያ እኔ ከምጠይቀው ገንዘብ እንደሚበልጥ ቁጭ አድርጋ አሰላችልኝ። የድሃ ሰው ክስ ችግሩ ይሄ ነው። ገንዘቡ ለእኔ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ነው፣ ለጠበቃ ግን ቢሮ የሚያስከፍት ጉዳይ አይደለም። ብዙ አሠሪ ይህን ሒሳብ ከእኛ በፊት ሠርቶ የጨረሰ ይመስለኛል። «ትጮህና ትተወዋለች» ነው ነገሩ።

የእናንተን፣ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ምክር ማዕከልን፣ ማስታወቂያ ያየሁት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። «ለመክፈል አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ምክር» ይላል። መጣሁ። ሁለታችሁም ከልጄ ታንሳላችሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ገና ነገሬን ሳልጀምር የከሳሾቼን፣ ይቅርታ፣ የተከሳሾቼን ስም ጠየቃችሁኝ። (ይህን ቃል እስከ መጨረሻው እንዳምታታሁት ነው፣ ሳቁብኝ።) ለምን ስላችሁ፣ ማዕከሉ ያንን ድርጅት ከዚህ በፊት አማክሮ ከሆነ የእኔን ጉዳይ መያዝ እንደማይችል ነገራችሁኝ። የምነግራችሁ ነገር ከእናንተና ከመምህራችሁ እንደማያልፍም ነገራችሁኝ። በመጨረሻም «እኛ ጠበቃ አይደለንም፣ ተማሪ ነን፤ የምንጽፈውን ሁሉ ፈቃድ ያላት መምህራችን ሳታይ አይወጣም» አላችሁ። ማንነታችሁን ሳልጠይቃችሁ ራሳችሁ መናገራችሁ ነው ወንበሩ ላይ ያስቀመጠኝ።

ከዚያ አዳመጣችሁኝ። በቃ፣ ዝም ብላችሁ አዳመጣችሁኝ። እኔ ደግሞ ታሪክ ከመሃል የምጀምር ሰው ነኝ። ስለ ኃላፊው ጠባይ፣ ስለ እግሬ ሕመም፣ ስለ አንዲት ባልደረባዬ ሠርግ ሳይቀር አወራሁ። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ነው «አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው፣ በቀን በቀኑ እንሂድ» ያላችሁት። በዚያ በሁለተኛው ዙር ከእኔ ወሬ ውስጥ መዝገብ የሚሆን ነገር አወጣችሁ። የሠርጉ ወሬ እንኳ ጠቀመ፣ በዚያ ሳምንት ፈረቃ ላይ እንደነበርኩ የምታስታውስ ምስክር በእሱ ተገኘች።

ዋናው ማስረጃ ስልኬ ውስጥ ነበር። ስሜ ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ለፈረቃ ኃላፊው «በዚህ ሳምንት ሥራ አለኝ ወይ?» እያልኩ በየጊዜው ጽፌለታለሁ። እኔ እንደ ልመና ነበር የማየው፣ ለማሳየትም አፍሬ ነበር። አንደኛችሁ ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «ሥራ ጥሎ የሄደ ሰው ፈረቃ አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንዴ?» አለ። እንዳላጠፋው፣ ስልኩን እንዳልሸጠው፣ ፎቶው ሲነሳ ቀኑና የኃላፊው ቁጥር አብሮ እንዲታይ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው መልእክትም እንዳይቆረጥ አደረጋችሁ። እኔ የምፈልገውን ብቻ ቆርጬ ባቀርብ ኖሮ የዚያኛው ወገን ጠበቃ «የቀረውስ የት ሄደ?» ይል ነበር። በኋላም ይህንኑ ጠይቋል፣ ግን ሙሉው እፊቱ ነበር።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። የትርፍ ሰዓቱ ጉዳይ።

እኔን ከሁሉም በላይ የቆጨኝ እሱ ነበር። ሌሎች ሲተኙ የሠራሁት ነው። እናንተ ደግሞ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ተመለሳችሁ፣ ጎን ለጎን ተቀመጣችሁና «ይሄኛው አያዋጣም» አላችሁኝ። የቆየው የትርፍ ሰዓት በይርጋ አልፏል፣ ማለትም ለመጠየቅ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አልቋል። ከቀረው ውስጥም ስንት ሰዓት እንደሠራሁ የሚያሳይ ነገር ያለን ለተወሰነው ብቻ ነው። ተቆጣሁ። ለእናንተ የማይገባ ነገርም ተናገርኩ መሰለኝ። አልተቆጣችሁም፣ ቃላችሁንም አልቀየራችሁም። «ያለፈውን ብናስገባው እነሱ እሱን ሲመቱ ይውላሉ፣ ዳኛውም ጠንካራውን በደካማው ዓይን ያየዋል» አላችሁኝ። እውነት እንደነበረ ያወቅሁት ችሎቱ ላይ ነው።

በሕይወቴ የሚያባብለኝ ሰው አላጣሁም። «አይዞሽ፣ ታሸንፊያለሽ» ያላለኝ የለም። ጎረቤት ብሏል፣ ዘመድ ብሏል፣ አንድ ገንዘብ የጠየቀኝ ደላላም ብሏል። «ይህን አታገኚም፣ ይህን ግን ልታገኚ ትችያለሽ፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ያለኝ ሰው ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚያ ነው። ሳላውቀው ተስፋ ያደረግሁትን ነገር ቀድማችሁ ባትነግሩኝ፣ ያገኘሁት ገንዘብ ሁሉ ኪሳራ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምታነቡና የእኔ ዓይነት ጉዳይ ያላችሁ፣ የይርጋ ጊዜ እንደየአገሩና እንደየጉዳዩ ይለያያል፣ አንዳንዱ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ የሕግ ሰው ፊት ስትቀመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ጊዜው መቼ ነው የሚያልቅብኝ?» የሚለውን ይሁን። ወረቀት እስኪሟላ ብላችሁ አትቆዩ።

«ተማሪዎቹ በድሃ ላይ ነው የሚለማመዱት» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አዎ፣ ይማሩብናል። የሕክምና ተማሪም በእኛው ላይ ነው የሚማረው፣ አጠገቡ ሐኪም እስካለ ድረስ ማን ቅር ይለዋል? የእኔን አቤቱታ አንዱ ጻፈው፣ ሌላዋ አረመችው፣ መምህርቷ በቀይ ቀለም አበላሸችው፣ እንደገና ተጻፈ። ብዙ ጉዳይ የሚሮጥበት ጠበቃ በአንድ የጽዳት ሠራተኛ አቤቱታ ላይ ይህን ሁሉ ሰዓት ያጠፋል ብዬ አላምንም። ችግር የሚሆነው መምህሩ ከሌለ ወይም አንድ መምህር ለስፍር ቁጥር የሌለው ተማሪ ከተሰጠ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ይህን ካያችሁት፣ የምስጋና ወረቀት ለተማሪ ከመስጠት በተጨማሪ ለመምህርቷ ረዳት ቅጠሩላት። ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁር እኔ አይቼዋለሁ።

ችሎት እስክንጠራ ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ እንዳልጨነቅ ብላችሁ ያወራችሁኝን አልረሳውም። ስለዚያ ጌዲዮን ስለሚባለው አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሎሪዳ ውስጥ በስርቆት ተከሶ ጠበቃ ቢጠይቅ ተከለከለ፣ ራሱ ተከራክሮ ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ፣ በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ። እሱም በጠበቃ እንደገና ተከራክሮ ነፃ ወጣ። እናንተን ግን ደስ ያሰኛችሁ ሌላው ነው፤ የጌዲዮን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ በክረምት ይሠራ የነበረ ጆን ሃርት ኢሊ የሚባል የዬል የሕግ ተማሪ በጽሑፍ ክርክሩ ዝግጅት ላይ እጁ አለበት። ስትነግሩኝ ፊታችሁ በራ።

እኔ ደግሞ «እኔ ምን ሰርቄ፣ ለእኔ ዓይነቱስ?» አልኩ። ያን ጊዜ የአየርላንዷን ወይዘሮ ኤሪን ነገራችሁኝ። ከባሏ በሕግ ለመለየት ፈልጋ የጠበቃ መክፈያ አጣች፣ መንግሥቷም ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው፣ ራስሽ ሄደሽ ተከራከሪ አላት። እ.ኤ.አ. በ1979 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ። ውስብስብ ክርክር ውስጥ ያለ ረዳት ግቢ ማለት በር መክፈት አይደለም ነው ነገሩ። ያቺን ሴትዮ ወደድኳት። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ወንጀል ጉዳዮች የሕግ ድጋፍ ባወጣው መመሪያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒኮችን፣ ማለትም እንደ እናንተው ያሉ ተማሪዎች ምክር የሚሰጡባቸውን ማዕከላት፣ እንዳልረሳ፣ ተማሪዎች በሚቆጣጠራቸው ሰው ሥር ችሎት እንዲቆሙ አገሮች ደንብ እንዲያወጡ እንደሚመክር ነገራችሁኝ። እኛ ችሎት ላይ የቆመችው መምህርቷ ነበረች፣ ከእናንተ አንዱ ከጎኔ ተቀምጦ ወረቀቱን በቁጥሩ ያቀብላት ነበር። አንዴም አልተሳሳተ።

ከዚያ በፊት ግን ያ የልምምድ ቀን! አንተ ልጅ፣ የድርጅቱን ጠበቃ ሆነህ ስትጠይቀኝ እንዴት እንደጠላሁህ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን አልመጡም?» እያልክ አፋጠጥከኝ፣ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ፣ የማላስታውሰውን ቀን እንዳልገምት፣ «አላውቅም» ማለት ነውር እንዳልሆነ አስተማርከኝ። እውነተኛው ጠበቃ ካንተ የለዘበ ሆኖ አገኘሁት።

መልእክቶቹ ከቀረቡ በኋላ እነሱ ስምምነት አመጡ። እናንተ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ፣ ብቀበል የማገኘውን በአንድ በኩል፣ ብቀጥል ላገኝና ላጣ የምችለውን፣ የሚፈጀውንም ጊዜ በሌላው በኩል ጻፋችሁልኝ። «ውሳኔው የእርስዎ ነው» አላችሁኝ። «አንተ ብትሆንስ?» ብዬ አንደኛውን ስጠይቅ «እኔ የቤት ኪራይ የለብኝም፣ ስለዚህ የእኔ መልስ አይጠቅምዎትም» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ከሃያ ምናምን ዓመት ልጅ አልጠበቅሁም። ሌሊቱን አሰብኩበትና ተቀበልኩ። ደመወዜንና ፈቃዴን፣ ከትርፍ ሰዓቱም ማስረጃ ያለንን አገኘሁ። እኔ ጨርሶ ያላሰብኩትን ደግሞ እናንተ አስገባችሁ፤ «ሥራ ጥላ ሄደች» የሚለው ተሰርዞ ትክክለኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ። አዲሱን ሥራ ያገኘሁት በዚያ ወረቀት ነው።

የሚመሰገኑ ሌሎችም አሉ። መሃል ላይ ሴሚስተሩ አልቆ ጉዳዬን የተረከባችሁት ሁለቱ፣ ታሪኬን ከዜሮ ሳታስጀምሩኝ መዝገቡን አንብባችሁ ስለመጣችሁ። ፈረቃዋ እንደሚቀነስባት እያወቀች ለመመስከር የመጣችው ባልደረባዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ባትጠየቂም መምጣትሽ በቂዬ ነው። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ በፈገግታ ስላሳየኝ። ለእሱ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል፣ እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ስማችሁን አልጻፍኩም፣ አትጻፊ ስላላችሁኝ ነው። መምህርት፣ አንቺም ብትሆኚ ስምሽን ብጠራ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከፈተና በኋላ ቢሮ ስትከፍቱ በሌላ ድርጅት የምትሠራ አንዲት የማውቃት ልጅ ትመጣለች። እሷም ደመወዝ ቀርቶባታል። ደብዳቤዎቿን በቀን ቅደም ተከተል አስይዣታለሁ፣ መልእክቶቿንም እንዳታጠፋ ነግሬያታለሁ። የአሠሪዋን ስም መጀመሪያ እንደምትጠይቋት ታውቃለች። ትንሽ ታፍራለች፣ ከመሃል ብትጀምርም ታገሷት።