ብርቱካንማው ባንዲራ ከየሳጥኑ እንዲወጣ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመራቂዎች፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ በአገር ቤትም በአሜሪካም ለምትገኙ ወዳጆች ሁሉ፤

አባቴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሁለተኛ ዲግሪ ተልከው ከነበረባት ከኦክላሆማዋ ስቲልዋተር ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል ዛሬ በቤታችን የቀረው አንድ ባለሦስት ማዕዘን የሱፍ ባንዲራ ብቻ ነው። ርዝመቱ ክንድ ያህላል። መደቡ ብርቱካንማ እንደነበር የሚታወቀው ታጥፎ የተሰፋው ጠርዝ ሲገለጥ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ፊቱ የአብሽ ቀለም ይዟል። በላዩ ትልቅ ባርኔጣ የደፋ፣ ሪዙ ወደ ታች የወረደ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሽማግሌ በጥቁር ቀለም ታትሞበታል፤ የባርኔጣውን አንድ ጎን ብል በልቶታል። በልጅነታችን ይህ ሰው ማን እንደሆነ ስንጠይቃቸው አባቴ «የትምህርት ቤታችን ሰው ነው» ከማለት አልፈው አያውቁም ነበር።

እንዲህ ያለ ባንዲራ፣ የደረት ዓርማ ወይም የቡድን ፎቶግራፍ በብዙዎቻችሁ ቤት እንደሚኖር እናምናለን። ስለዚህ የእነዚህን ዕቃዎች ምስል ሰብስበን፣ የምልክቱንና የቀለሞቹን አመጣጥ በአማርኛ የሚያስረዳ 12 ሰሌዳ ያለው ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይና አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተነሥተናል። እርዳታችሁን ከመጠየቃችን በፊት ግን ገንዘባችሁ የምን ታሪክ እንደሚያስነግር ማወቅ ይገባችኋል።

ነገሩ ከስቲልዋተር ርቆ ይጀምራል። በኒው ጀርዚ የሚገኘው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ሕንፃ ናሶ ሆል የተባለው የኦሬንጅ-ናሶ መሳፍንት ወገን ለነበረው ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሣልሳዊ ዊልያም መታሰቢያ ነው። የመሳፍንቱ ስም በደቡብ ፈረንሳይ ከምትገኝ ከተማ የተወሰደ ሆኖ ሳለ «ኦሬንጅ» ከሚለው ከብርቱካን ፍሬ የፈረንጅ ስም ጋር ስለገጠመ ብርቱካንማ ቀለም የቤቱ መለያ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፕሪንስተን ተማሪዎች ይህንኑ ቀለም በጥብጣብ መልክ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ በላዩ በጥቁር ቀለም ጽሑፍ ማተም ጀመሩ። ጥቁሩ ቀለም ከብርቱካንማው ጎን የተሰለፈው በማተሚያ ቀለምነቱ ነው ማለት ነው። ፕሪንስተን በኅዳር 1869 ከራትገርስ ጋር ያደረገው ግጥሚያ በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ጨዋታ ተብሎ ይቆጠራል። (እግር ኳስ ስንል ውሎ አድሮ ኳሱ በእጅ የሚያዝበት የሆነውን የአሜሪካኑን ጨዋታ ማለታችን ነው፤ አባቴም እስከ መጨረሻው ድረስ ስሙን አላመኑበትም።)

በስቲልዋተር የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጁ (የዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የተቋቋመው በታኅሣሥ 1890፣ ኦክላሆማ ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በዚያ ዛፍ አልባ ሜዳ ላይ ሆነው ትምህርት ቤታቸውን «የሜዳው ፕሪንስተን» ለማሰኘት ተመኙ፤ ብርቱካንማና ጥቁሩን ቀለም፣ ከቀለሙም ጋር የፕሪንስተንን ነብር ወሰዱ። በአማርኛ ነብር ስንል የምናስበው ባለነጠብጣቡን የራሳችንን አውሬ ስለሆነ በሰሌዳው ላይ «ባለመስመሩ ነብር» ብለን ልንጽፍ ተስማምተናል። ባለመስመሩ ነብር በኦክላሆማም የለም። የተውሶ ምልክት መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸውም ቡድኑን አንድ ጊዜ ነብሮች፣ አንድ ጊዜ ገበሬዎች እያሉ ይጠሩት ነበር።

በ1923 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በሚታሰብበት የኅዳር ቀን በስቲልዋተር ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ ፊት በፈረስ ይመራ የነበረው ፍራንክ ኢተን የተባለ የ63 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ፀጉሩን ሹሩባ የሚሠራ፣ ሽጉጥ ከወገቡ የማይለይ፣ ፐርኪንስ በምትባል በአቅራቢያዋ ከተማ የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። እሱ ራሱ ሲተርክ እንደኖረው፣ ስምንት ዓመት ሲሆነው ስድስት ሰዎች አባቱን ተኩሰው ገደሉበት፤ የአባቱም ወዳጅ ደሙን ካልመለስህ እርግማን ይድረስብህ ብሎ መሣሪያ አያያዝ አስተማረው። በ15 ዓመቱ ፎርት ጊብሰን በተባለው የጦር ሰፈር ኢላማ ተኩሶ ወታደሮቹን ስለበለጣቸው አዛዡ «ፒስቶል ፒት» (ባለሽጉጡ ፒት) የሚል ስም አወጣለት። የደም መላሽ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለምና አንባቢ ሁሉ ይረዳዋል። ሆኖም ትረካው በአብዛኛው ከባለቤቱ አፍ የተገኘ በመሆኑ በሰሌዳው ላይ «እንደ ተናገረው» የሚል ቃል እንዳይቀር ወስነናል፤ አንዳንድ የኮሚቴ አባላት ይህ ታሪኩን ያቀዘቅዘዋል ብለው ቢከራከሩም አልተቀበልናቸውም።

ሰልፉን ያዩ ተማሪዎች ታዲያ በሩቅ አገር አውሬ ፋንታ ይህን በዓይናቸው የሚያዩትን ሰው ምልክታቸው ሊያደርጉት ተነሡ፤ እሱም ፈቀደላቸው። ቀለሙ ግን አልተለወጠም። የነብሩ ብርቱካንማና ጥቁር ነብሩ ከሄደ በኋላ ለካውቦዩ ቀረለት፤ በእኛ ባንዲራ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ኢተን የሞተው በሚያዝያ 1958፣ በ97 ዓመቱ ነው። ዛሬ በየጨዋታው የሚታየውን ባለትልቅ ጭንቅላት አልባሳት ተማሪ መልበስ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

በዚያው በ1958 በጥር ወር የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ነበር። የስቲልዋተሩ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋግረዋል፤ በኋላም ፖይንት ፎር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መርሐ ግብር ኃላፊ ሆነው ሲያገለግሉ በታኅሣሥ 1951 ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። የስቲልዋተሩ ኮሌጅ ዓለማያን ለማቋቋም የሚረዳበት ስምምነት የተፈረመው በ1952 ነው። ግቢው ተሠርቶ እስኪደርስ ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ በሰኔ 1954 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ጎበኙ። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ድረስ በዓለማያ ሠርተዋል፤ የእኛም ሰዎች ወደዚያ ሄደው ተምረዋል። ብርቱካንማው ባንዲራ ሐረር፣ ደብረ ዘይትና አዲስ አበባ የገባው በእነርሱ ሻንጣ ነው።

ይህ ታሪክ በመዝገብ ቤት ተሟልቶ ይገኛል ብለን አንጠብቅም። የስምምነቱ ወረቀት በመዝገብ ይኖራል፤ ምልክቱንና ቀለሙን ግን ከመጀመሪያው የመረጡት ተማሪዎች ስለሆኑ የቀረውም በተማሪዎች ቤት ነው። እሱም እየጠፋ ነው። ከመካከላችን የአንዱ ቤተሰብ ከአባታቸው ተዝካር በኋላ ቤቱን ሲያድሱ፣ በካርቶን የነበሩ የስቲልዋተር ፎቶግራፎችን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለቁራሌው ሰጥተውታል። ነገሩ የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ሰፈር ለሰፈር ቢፈለግም አልተገኘም።

የሚያስፈልገን ገንዘብ በጠቅላላ 9,600 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 4,200 ዶላሩ ለ12ቱ ሰሌዳዎች ሥራ፣ 2,000 ዶላሩ ለ500 ቅጂ መጽሐፍ ኅትመት፣ 2,400 ዶላሩ ፎቶግራፎችንና ባንዲራዎችን በስካነር ለማንሣት፣ ቀሪው 1,000 ዶላር ዐውደ ርእዩን ወደ ሐረርና ወደ ሐሮማያ ለማጓጓዝ ይውላል። ኮሚቴው የሚሠራው በነጻ ነው። ወጣቶቻችን ለምን በምልክቱ ቲሸርት አሳትመን ገንዘቡን አንሰበስብም ብለው ጠይቀውን ነበር፤ ፒስቶል ፒት የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የንግድ ምልክት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ለሽያጭ ማተም አይቻልም፤ ለዐውደ ርእዩም ቢሆን ፈቃድ በጽሑፍ እንጠይቃለን። በዚህ ምክንያት ነው እጃችንን በቀጥታ ወደ እናንተ የዘረጋነው።

መስጠት የምትፈልጉ ይህን ደብዳቤ ላደረሰላችሁ ሰው ብትነግሩት ከገንዘብ ያዣችን ጋር ያገናኛችኋል፤ በብርም በዶላርም ለሚሰጥ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሥራው ሳይጀመር ቢቀር ገንዘቡ ለሰጪው ይመለሳል። ገንዘብ ባይመቻችሁ አንድ ፎቶግራፍ ወይም አንድ የደረት ዓርማ ብታውሱን እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን፤ ምስሉን አንሥተን ዕቃውን በዚያው ቀን እንመልሳለን። እስከዚያ በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶግራፉ ፊት ዘልቆ ያልፋል። ባንዲራ ያላችሁም አደራችሁን አትጠቡት፣ አትተኩሱትም፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አኑሩት።