በአባባ የሐኪም ወረቀት ላይ ስላሉት ቃላት

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? ፎቶ አንስተሽ የላክሽልኝን ወረቀት አየሁት።

“ዲሜንሺያ” ማስታወስና ማሰብ እየደከመ መሄድ ማለት ነው እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። “ትኩሳት” እንደማለት ነው፤ ትኩሳት ከወባም ከሳንባ ምችም ይመጣል። ስለዚህ ዋናው አጠገቡ ያለው ቃል ነው። የአባባ “ሚክስድ” ይላል፤ አልዛይመርና ቫስኩላር አንድ ላይ ማለት ነው። አልዛይመር የአንጎል ሕዋሳትን እየጎዳ ቀስ እያለ የሚገፋ በሽታ ነው። ቫስኩላር የሚመጣው የአንጎል ደም ሥሮች ሲጠቡ ወይም ሲዘጉ ነው፤ የግፊት ኪኒናቸው አንድም ቀን መዘለል የሌለበት ለዚህ ነው። ጎረቤት “ጃጁ” ካለሽ አትስሚ፤ እርጅና ብቻውን ሰውን እዚህ አያደርስም።

“18/30” የማስታወስ ፈተናው ውጤት ነው። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሁሉ ነጥብ አለው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሳይታመምም ነጥብ ይጎድልበታል፤ የትምህርት ደረጃቸውን ለሐኪሙ ንገሪ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ከመለሱም ልክ ናቸው።

“ሰንዳውኒንግ” ያ 11 ሰዓት ሲል የሚጀምረው መቁነጥነጥና “ቤቴ ልሂድ” ማለት ነው። ሳይጨልም መብራት አብሪ፣ መጋረጃ ዝጊ። ከ8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፣ በረካውም ቢሆን። “ቤትዎ እኮ ይሄ ነው” ብለሽ አትሟገቺ፣ ይብስባቸዋል፤ “እዚያ ቤት ማን አለ?” ብለሽ ጠይቂና ያውሩ።

ከሁሉም አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ ግን “ዴሊሪየም”ን ነው፤ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ማለት ነው። ዲሜንሺያ በወራትና በዓመታት ይመጣል፤ ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን። ትናንት በስምሽ ሲጠሩሽ የነበሩ ሰው ዛሬ ካላወቁሽ፣ የሌለ ሰው ካነጋገሩ፣ ወይም ፈዘው እንቅልፍ ብቻ ከሆኑ፣ “በሽታው ብሶ ነው” ብለሽ አትቀመጪ። (ፈዞ መተኛቱን ብዙ ሰው “ተረጋጉ” ብሎ ያልፈዋል፤ አደገኛው እሱ ነው።) ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት አለ። እንቅልፍ የሚያመጡ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖችም ያመጡታል፤ ሐኪም ሳይጠየቅ ከፋርማሲ አይገዛላቸው።

እንዲህ ከሆኑ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። መድኃኒቶቻቸውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያዢ። ወረቀቱ ላይ “ዲሜንሺያ” ያየ ተረኛ “ድሮም እንዲህ ናቸው” ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ ስለዚህ ገና ስትገቢ “እንዲህ አልነበሩም፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው” በይ።

ልጅሽ