ሞዝጎቭን ለምን አስቀመጠው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎልደን ስቴትና ክሊቭላንድ የተገናኙበት እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ በተነሳ ቁጥር የሚመሰገነው የጎልደን ስቴቱ አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ነው። ይገባዋል። በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 እየተመራ ረጅሙን ቦጉትን አስቀምጦ አጠር ያለውን ኢጉዳላን በቋሚነት አሰለፈ፤ ክሊቭላንድ አራተኛውን ጨዋታ 7 ለ 0 ሲጀምር እንኳ አልተናወጠም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የክሊቭላንዱ አሰልጣኝ ዴቪድ ብላት ነው። ረጅሙ ተጫዋቹ ሞዝጎቭ በዚያው በአራተኛው ጨዋታ ምሽት 28 ነጥብ አስቆጥሯል። ተሸንፈዋል ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ከሩቅ ከሞከሯቸው 27 ኳሶች የገቡት 4 ናቸው፣ ጥፋቱ የረጅሙ ሰውዬ ነው? በአምስተኛው ጨዋታ 9 ደቂቃ ብቻ ተጫወተ። ኮከቦችህ ኧርቪንግና ሎቭ ተጎድተው ሳለ ያለህን ቁመት ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ ያኔ የጎልደን ስቴት ሜዳ ወደነበረበት ኦክላንድ ድረስ ሄደህ የእነሱን ሩጫ ትሮጣለህ? ሌብሮን 40 አስቆጥሮም 104 ለ 91 ተሸነፉ።

አንድ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ