ዲቪ በኢሜይል አይደርስም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ወር ስለ ኢሜይል ሎተሪ አጭበርባሪዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አልክድም። ግን መሀል ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰንቅራችኋል፤ «የዲቪ አሸናፊዎች በኢሜይል መልእክት ስለሚደርሳቸው ኢሜይላቸውን ቢከታተሉ ይመከራል» የምትል። እግዜር ይስጣችሁ! ሌባ መጣ ብላችሁ እየጮኻችሁ በሩን ከፈታችሁለት።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ዲቪ መሙላት፣ እንጀራዬ ይሄው ነው። ስለ ሌላ ነገር ብትሳሳቱ ዝም እል ነበር። ይቺን ግን አልችልም። የአሜሪካ መንግሥት «ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል አይልክም። ቢበዛ «ገብተህ ውጤትህን እይ» የሚል ማስታወሻ ቢልክ ነው። ውጤቱን ራስህ ገብተህ ነው የምታየው፣ እሱም አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» (.gov) በሚያልቀው በዚያው በሞላህበት ድረ ገጽ ላይ፣ ስትሞላ የተሰጠህን የማረጋገጫ ቁጥር አስገብተህ። ቁጥሩ ቢጠፋብህ እንኳ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ፈልገህ ታገኘዋለህ። የቪዛው ክፍያ ደግሞ ለአንድ ሰው 330 ዶላር ነው፤ የሚከፈለውም ለቃለ መጠይቅ ኤምባሲ ስትቀርብ እዚያው ገንዘብ ተቀባይ ጋ ነው። በሐዋላ ለማታውቀው ሰው አይደለም።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ምን ያናድድሃል?» ትሉ ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ።

ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። ለወንድ ልጃቸው ዲቪ የሞላሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልጁ ኢሜይል መጣልኝ ብሎ ከእናቱ ጋር መጣ። ንስሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ፣ ታች ላይ «880 ዶላር ይክፈሉ» አለ። «እማማ፣ ውሸት ነው» አልኳቸው። የላኪው ስም ኤምባሲ ይላል፤ ስሙን ስትነኩት ግን የሚወጣው ማንም ተማሪ በአምስት ደቂቃ የሚከፍተው የጂሜይል አድራሻ ነው። አሳየኋቸው። ገባቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የእናንተን ዘገባ በልጁ ስልክ ይዘው ተመለሱ። «ይኸው ጋዜጣው በኢሜይል ነው ይላል። አንተ ምን በደልኩህ?» አሉኝ። ምን ልበል? ከጋዜጠኛና ከፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ማን ይታመናል?

ሌባው ደግሞ አገራችንን ከእኛ በላይ ያውቃል። ከዚህ ተነስቶ ዶላር ወደ ውጭ መላክ ቀላል እንዳልሆነ ገብቶታል። ስለዚህ «ውጭ ያለ ዘመድ ካለዎት በእሱ በኩል ይላኩ» ብሎ ጽፏል። ዘመድ አለቻቸው። ሴት ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ላከች። በሳምንቱ «ለሕክምና ምርመራ» 400 ዶላር ተጠየቀ።

ደግሞ ሌላው! «ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ያልተማሩ የክልል ነዋሪዎች ናቸው» ብላችኋል። ከየት አመጣችሁት? ያነጋገራችኋቸው ሦስቱም ሰዎች እኮ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ናቸው። ጎንደር ኢሜይል የገባው ትናንት መሰላችሁ እንዴ? የጤና ኮሌጅ ሆኖ ከጀመረ ሰባ ዓመት ያለፈው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል አትምልን ብለው ከመጡት ውስጥ ማስተር ያላቸውም አሉ። እኔ ራሴ በ1999 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ይዤ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ «ወጥቶልኝ» ነበር። ያልቆረጥኩት ሎተሪ! የፓስፖርቴን ቅጂና የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን ላኩላቸው። ለባለቤቴ ሳልነግር ሁለት ሳምንት ሙሉ በሐሳቤ ፎቅ ስሠራ ከረምኩ። የነቃሁት «መጀመሪያ ግብሩን ክፈል» ሲሉኝ ነው። የእኛው ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ ግብሩን ከሽልማቱ ላይ ይቀንሳል እንጂ ቅድሚያ አምጣ አይልም። መቼም ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ሎተሪ አዟሪውን መጠየቅ ይበቃል።

«እንግሊዝኛው ስህተት ከበዛበት ተጠራጠሩ» ያላችሁትም አርጅቷል። ዛሬ ሌባው ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ይጽፋል፣ በአማርኛም ጭምር።

የእኛም ሙያ ንጹሕ አይደለም፣ ይሄን ልደብቅ አልችልም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በራሱ ኢሜይል ሞልቶ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ፣ ሲደርሳቸው ዋጋ የሚቆርጥ ባለሱቅ አውቃለሁ። ስለ እሱ ብትጽፉ ኖሮ አጨበጭብላችሁ ነበር። እናንተ ግን አንድም ቃል አላላችሁም።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። እርማቱን አውጡ። ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን። ሲወጣ አትሜ በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ። እናትየዋ አሁንም በየሰኞው ጠዋት ብቅ ይላሉ፣ ኤምባሲው መልሶላቸው እንደሆነ ኢሜይሉን ከፍቼ እንድመለከትላቸው። ቤይሩት ያለችው ልጅ ገንዘቧ እንደተበላ እስካሁን አልሰማችም።

ከጎንደር፣ ባለ ኮምፒውተር ቤቱ