ለእማዬ፣ ከበረዶው መንደር

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «ገናም ቀረህ፣ ፋሲካም ልትቀር ነው፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

ያለሁበት ቲኝ ይባላል። ፈረንሳይ፣ አልፕስ ተራራ ላይ ነው። ከፍታው 2,100 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ስለሆነ ከኔ በላይ ነሽ! ግን እዚህ ክረምት ከገባ ወራቱን ሙሉ አፈር አይታይም። በረዶው እንደኛው ቆርቆሮ አይደበድብም። ድምፅ ሳያሰማ ይወርድና ጧት በሩን ቀብሮት ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያው ዓመት ጋቢዬን አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁ። ማታ እንደ ቁርበት ደርቆ፣ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት።

ሰዉ በዚህ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ከፍሎ ይመጣል። የመንደሩ አዝመራ ይኸው ነው። ገናችን ሲደርስ እኔ የፈረንጅ አዲስ ዓመት እንግዶችን አንሶላ አጥቤ አልጨረስኩም። የካቲት ላይ ደግሞ ተማሪዎች ዕረፍት ይወጡና ቀና የምልበት የለኝም። ያን ቀን በስልክ የሰማሽው ፍንዳታ ጦርነት አይደለም፣ አትስጊ። ሌሊት ብዙ ከጣለ፣ ናዳው ሰው ላይ እንዳይወርድ በማለዳ ራሳቸው አፈንድተው ያወርዱታል።

በጋ ላይ ብታዪው ትወጂዋለሽ። ሣር ይበቅላል፣ ላሞች ቃጭል አንጠልጥለው ይወጣሉ። ከወተታቸው ቦፎር የሚባል አይብ ይሠራል፤ አንዱ ክብ 40 ኪሎ ይመዝናል። እንደኛው አይብ እንዳይመስልሽ፣ በቢላ ነው የሚቆረጠው።

አሮጌው ቲኝ ግን ሐይቅ ሥር ነው። በ1952፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ለኤሌክትሪክ ግድብ ሠርተው ውኃ ለቀቁበት። ሰዉ አልወጣም ብሎ ነበር። ሙታኑን ሳይቀር ከመቃብር አውጥተው አዛወሯቸው። ጸደይ ላይ ውኃው ሲጎድል ዳሩ ጭቃ ብቻ ይሆናል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የአባዬ መቃብር ትዝ ይለኛል። ሣሩን የሚያጭድ አለ?

ግንቦት ሲጠባ ሆቴሉ ይዘጋል፣ መንደሩም ጭር ይላል። የኔ ፋሲካ ያኔ ነው። ለግንቦት ልደታ ባልደርስ እንኳ በሳምንቱ ከች እላለሁ። ለኔ ብለሽ ዶሮ እንዳትገዢ። ንፍሮ ቀቅይልኝ፤ ባቄላው ይብዛ።

ልጅሽ